የመሳቢያው ድርቆሽ

አንድ ሰው በመርጡለ ማርያም ተወልዶ፣ እጁን ራሱ መታጠብ ከቻለበት ቀን ጀምሮ ከትልልቆች ጋር በአንድ መሶብ ዙሪያ ቁጢጥ ብሎ፣ ኋላም ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ የለመነውን ቁራሽ ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር እየተካፈለ ካደገ በኋላ፣ ስለ ማዕድ ሥርዓት ከባሕር ማዶ ሰው የሚማረው ነገር ይኖራል ብሎ ማሰብ ለዓባይ ውኃ እንደ ማበደር ያለ ሞኝነት ይመስለዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ሞኝነቱ በየትኛው ወገን እንደ ነበረ የተገለጠልኝም ዘግይቶ፣ ያውም በሌሊት፣ ያውም በአንድ ቁራጭ ድርቆሽ ምክንያት ነው።

አገሬን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ያለች ጥንታዊት ደብር ናት። «መርጡል» በግእዝ ድንኳን፣ አዳራሽ ማለት ስለሆነ ስሟ የማርያም አዳራሽ እንደ ማለት ነው፤ አዳራሽ ደግሞ ያለ ግብር፣ ግብርም ያለ ተጋባዥ ትርጉም የለውም። እቴጌ እሌኒ ካሠሩት ቤተ መቅደስ በተረፈው ጥርብ ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቁራሽ የሚቆርስ ሰው፣ በፊቱ የሚያልፈውን መንገደኛ፣ ወዳጅም ይሁን ባለ ዕዳው፣ «እንብላ» ሳይለው አያሳልፍም፤ መንገደኛውም ምንም እንኳ አንጀቱ ቢታጠፍ «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ በትሕትና ያልፋል። ወር በገባ በ21 ቀን ጠበል ጸዲቁን ቀምሶ ያልተመለሰ ሰው ቢኖር ወይ የታመመ ወይ የተጣላ ነው። በዚህ ሁሉ ሥርዓት ተኮትኩቼ ያደግሁ እኔ፣ ለትምህርት ወደ ኮሪያ ስሄድ፣ ከምስክር ወረቀቴ ጋር የልግስናን መምህርነት ይዤ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ደግሞ በበኩልዋ ሦስት ኪሎ ያህል ድርቆሽ፣ አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎና በሶ አስይዛኛለች። «ሆድ በባሰህ ቀን ቅመሳት» ብላኝ ነበር። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ለክፋቴ ጥቅስ አድርጌአታለሁና።

የደረስሁባት ከተማ ቹንቾን ትባላለች። ተራራና ሐይቅ የከበባት ውብ ከተማ ናት፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ከመልክዋ ይልቅ ታሪኳ ይቀርበዋል። በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ባሕር የተሻገረው የቃኘው ሻለቃ፣ ተከታዮቹም፣ በዚያ ምድር በኮሪያ ጦርነት ተዋግተው በ253 ግጥሚያ አንድ ምርኮኛ እንኳ ለጠላት አልሰጡም ይባላል፤ ይህንንም የአገሩ ሽማግሎች ከእኛ ይልቅ በቃላቸው ይዘውታል። በኮንግጂቾን ወንዝ ዳር ሐውልታቸው ቆሟል፤ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ሄደው አይተውታል፤ በአቅራቢያውም «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። ወታደሮቻችን ዶንግዱቾን በምትባለው ከተማ ቦህዋዎን የተባለ የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ መሥርተው ሕፃናት መግበዋል። እኔም ይህን ሁሉ ባነበብሁ ቁጥር ደረቴ እየሰፋ፣ «የሰጪ ልጅ ነኝ» እያልሁ፣ እነሱ ተራራ ላይ የሠሩትን እኔ በመኝታ ቤቴ የሠራሁት ያህል እኮራ ነበር።

ያደርሁበትን ዓይነት ቤት «ሃሱክ» ይሉታል፤ ተማሪ ክፍል ተከራይቶ ጧትና ማታ ከባለቤቲቱ ማዕድ የሚቆርስበት ቤት ነው። ባለቤቲቱ ሰባ ዓመት የዘለሉ ባልቴት ነበሩ፤ እኛ እማማ እንደምንለው ሁሉም «ሃልሞኒ» ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ማታ ዝቅ ባለች ገበታ ዙሪያ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም በአንድ ቃል «ጃል ሞክኬስምኒዳ» አሉ፤ ትርጉሙን ብጠይቅ «በደንብ እበላለሁ» ማለት ነው አሉኝ። ደነገጥሁ። በእኛ አገር እንግዳ የሚጀምረው «በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ በመዋሸት ነው፤ ባለቤቲቱም «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለች ሦስት ጊዜ ትገዘታለች፤ እሱም እንደ ተሸነፈ ሰው ሆኖ እጁን ይሰድዳል፤ ይህን ሁሉ ሥርዓተ ቅዳሴ ትቶ ገና ሳይቀመጥ «በደንብ እበላለሁ» ብሎ ማወጅ እናቴ ብትሰማ ማዕተቧን ይዛ የምታማትብበት ነገር ነበር።

ለእያንዳንዳችን በየፊታችን አንዳንድ ሳሕን ሩዝ፣ አንዳንድ ረጅም የብረት ማንኪያ፣ «ጆትካራክ» የሚሉት አንዳንድ ጥንድ ቀጭን ብረትም ተቀምጧል። (ስለ ጆትካራኩ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ፍሬ ባቄላ ይዤ ከሳሕኑ እስከ አፌ ባደረስሁ ቀን ሃልሞኒ ማጨብጨባቸው ይበቃል።) ሩዙን አይቼ «እነሆ፣ እነዚህ ሰዎች ለየብቻቸው ነው የሚበሉት» እያልሁ በልቤ ስፈርድባቸው ሳለሁ፣ ሃልሞኒ ገና የሚንተከተክ የሸክላ ድስት፣ ከቦካ አኩሪ አተር የተሠራ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ወጥ የሞላበት፣ አምጥተው ከመካከላችን አሳረፉት። ወዲያው አምስት ማንኪያ ከአምስት አቅጣጫ ዘመተ፤ ወደ አፍ ገባ፤ ከአፍም ወጥቶ፣ ሳይታጠብ ሳይታበስ፣ ወደ ድስቱ ተመለሰ። ስድስተኛው ማንኪያ በእጄ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ «አንተስ ከአንድ ትሪ አይደለም ወይ የበላኸው?» ትለኝ ይሆናል። በእርግጥ ከአንድ ትሪ በልቻለሁ፤ ነገር ግን የእኛ ትሪ አንድ መሰለ እንጂ በዓይን የማይታይ ድንበር ያለው ርስት ነው። ሕፃን ሁሉ ከእናት ጡት ቀጥሎ የሚማረው ሕግ «ከፊትህ ብላ» የሚል ነው፤ ከጎረቤቱ ግዛት ዘሎ ሥጋ ያነሣ ልጅ የሚደርስበትን ቁንጥጫ እኔ አሁንም በክንዴ ላይ አገኘዋለሁ። ደግሞም እንጀራችን ሄዶ የማይመለስ ማንኪያ ነው፤ ከወጡ ጠቅሶ አፍ ከገባ በኋላ የሚቀጥለው ጉዞ የሚደረገው በሌላ ቁራሽ ነው። ጉርሻ እንኳ የሌላ ሰው ጣት ቢሆን የሚመጣው ታጥቦ ነው። እነሱ ግን ሩዙን ለየብቻ ከልለው መረቁን ለማኅበር አደረጉት፤ እኛ ሁሉን ማኅበር አድርገን ድንበሩን በልባችን ከለልን። የዚያን ማታ ይህን ሁሉ ፍልስፍና ስመረምር ወጡ አለቀ።

በማግሥቱ ሃልሞኒ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ሳሕን አምጥተው የእኔን ድርሻ መረቅ ከሁሉ አስቀድመው ቀድተው በፊቴ አኖሩልኝ። ርኅራኄ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ተወገዘ ሰው ተሰማኝ። ያችን ሳሕን አልፈልግም እንዳልል ማንኪያቸው ያስፈራኛል፤ እፈልጋለሁ እንዳልል ክብሬ ይነካል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ለብዙ ወራት ከዚያች ሳሕን ጋር በግዞት ኖርሁ።

የትምህርት ቤቱ ጓደኞቼ ደግሞ በበኩላቸው ሌላ ፈተና አመጡ። በቤተ ሙከራችን ትልልቆቹን ተማሪዎች «ሶንቤ» ይሏቸዋል፤ በቅኔ ቤት አስነጋሪ እንደምንላቸው ያሉ ናቸው፤ እነሱ እራት ጋበዙ ማለት የሚቀር ሰው የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ግብዣ «ሳምግዮፕሳል» ነበር፤ ትርጉሙ ሦስት ድርብ ሥጋ ሲሆን፣ የማን ሥጋ እንደሆነ ብጠይቅ የእርያ ሆነ። አልበላም ብል ምን እንዳጠፉ እያሰቡ ሁሉም ተሸማቀቁ፤ እኔ ስለ ሃይማኖቴ ሕግ ስተረጉም እሳቱ ላይ ያለው ሥጋ አረረ፤ እነሱም እኔ እየተመለከትሁ መብላቱ ነውር መስሏቸው የአትክልት ቅጠል ብቻ እየጠቀለሉ በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግብዣው ወደ ዶሮ ተዛወረ።

ዶሮው ዳክካልቢ ይባላል፤ ቹንቾን በአገሩ ሁሉ የታወቀችበት ምግብ ነው። በገበታው መካከል የእኛን ምጣድ የሚያህል ክብ ብረት ተጥዶ፣ የተቆራረጠ ዶሮ በቀይ በርበሬ ተለውሶ፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በዓይናችሁ እያያችሁት ይጠበሳል፤ ሲበስልም ምጣዱ ራሱ ገበታ ይሆናል። እዚህ ላይ ሌላ የኅሊና መናወጥ ደረሰብኝ። በእኛ አገር ዶሮ በ12 ብልት ተለይታ፣ ፈረሰኛው ለማን፣ ክንፉ ለማን እንደሆነ ከተዋረድ ጋር የሚታወቅ ክቡር ፍጥረት ናት፤ እነዚህ ሰዎች ግን ባለብልቷን ዶሮ አባወራና ሎሌ የማይለይ አድርገው ቆራርጠዋታል። የበላሁት ፈረሰኛ ይሁን አንገት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሆኖም በዚያው ማታ አንዱ ሶንቤ በቅጠል ላይ ዶሮና ነጭ ሽንኩርት አድርጎ ጠቀለለና፣ «ኣ» በል ብሎ በእጁ ወደ አፌ ዘረጋ። «ሳም» ይሉታል፤ ተነክሶ የማይከፈል፣ ሙሉውን የሚዋጥ ነው። ጉርሻ! በሌላ ቋንቋ የመጣ የገዛ ዘመዴን እንዳየሁ ሆኜ ልቤ በራ። በአንድ ብቻ ሊተው ሲል እጁን ይዤ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚል የአባቶች ሕግ እንዳለ አስረድቼ ሁለተኛውን አስጠቀለልሁት።

ስለ በርበሬው አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኔም እነሱም «የእኛ» የምንለው ይህ ቀይ በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ክርስቶፎር ኮሎምቦስ ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛም በእነሱም ድስት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ፣ ያን ሁሉ ግብር ሲያበሉ፣ ቀይ ወጥ የሚባል ሳይቀምሱ ያለፉ ይመስለኛል። ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም፤ እቴጌይቱን ታዝንላቸዋለች።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ኪምቺ የሚሉት ጥቅል ጎመን የጾም ምግብ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ያህል በንጹሕ ኅሊና ከበላሁ በኋላ፣ ከውስጡ የዓሣ መረቅና በጨው የታሸ ደቃቃ የባሕር ፍጥረት እንዳለ ተረዳሁ። ለሃልሞኒ እያፈርሁ ነገሬን ብገልጥላቸው ፊታቸው እንደ ፀሐይ በራ። እሳቸው የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው፤ የቤተ መቅደሳቸው መነኮሳት ሥጋና ዓሣ፣ ከዚያም አልፎ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይቀምሱ ናቸው፤ እኔንም በዚያ ሚዛን መዝነው ከዚያን ቀን ጀምሮ «ስኒም» ይሉኝ ጀመር። ስኒም ማለት አባ መነኮሴ እንደ ማለት ነው። የጎጃም ቅኔ ቤት ያሳደገው ሰው በቡድሃ መነኩሴ ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ እተዋለሁ፤ የረቡዕ እራቴ ግን ከዚያ ወዲያ ያማረ ሆነ።

አሁን ወደ መሳቢያው እንመለስ።

በቤተ ሙከራው ለእያንዳንዳችን ጠረጴዛና ቁልፍ ያለው መሳቢያ ተሰጥቶን ነበር። የእናቴን ስንቅ እዚያ አኑሬ ቆልፌአለሁ። ጓደኞቼ ግን የሚበላ ነገር በእጃቸው ሲገባ የሚቆለፍበት ቦታ የሚያውቁ አይመስሉም። ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ የተመለሰ ሁሉ ካኪ የሚባል ፍሬ፣ የሩዝ ሙልሙል፣ አንዳች ነገር ይዞ መጥቶ በጋራው ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ አንዲት መንደሪን እንኳ ብትሆን ተልጣ ዘለላዋ ለሰው ቁጥር ይደለደላል። እኔ ለሦስት ወር ሁሉን በሁለት እጄ እየተቀበልሁ፣ በትሕትና ጎንበስ እያልሁ በላሁ። ከእኔ ግን አንዲት ቆሎ አልወጣችም። ምክንያቴ ዝግጁ ነበር፦ ይህ የእናት እጅ ነው፤ ለባዕድ አይጥመውም፤ ደግሞም «ሆድ በባሰህ ቀን ቅመሳት» ተብሎ የተሰጠ እንጂ ለድግስ የታሰበ አይደለም። ሆዴም፣ ደግ ሆድ ነው፣ በየማታው ይብሰው ጀመር።

አንድ ማታ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ወደየቤታቸው መሄዳቸውን አረጋግጬ መሳቢያዬን ቀስ ብዬ ከፈትሁ። ነገር ግን ድርቆሽ በስውር እንዲበላ የተፈጠረ እህል አይደለም። በሶ ቢሆን ኖሮ ምሥጢር ይጠብቅ ነበር፤ ድርቆሹ ግን ገና ጥርስ ሲነካው ባዶውን ቤት እንደ ደረቅ ቅጠል አንኮሻኮሸው። ሁለተኛውን ቆረጣ ስጀምር ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከሁላችን ትንሹ ተማሪ በወንበሮች ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወስዶት ኖሮ፣ አይጥ መስሎት ጫማውን ይዞ ብቅ አለ። እኔ አፌ ሞልቶ፣ መሳቢያው ተከፍቶ፣ ቁልፉ በጣቴ ተንጠልጥሎ ነበር። ተያየን። እሱም ምንም ሳይል እጅ ነሥቶ ወጣ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጅነቴ ጎጆ ውስጥ አንድ ተማሪ ለምኖ ያመጣውን ኮቸሮ በጣራው ሣር ውስጥ ደብቆ ተገኝቶ ነበር፤ ተሰብስበን ፈረድንበት፤ «ጎተራ» የሚል ስምም አወጣንለትና እስከ ፋሲካ በዚያ ተጠራ። ፍርዱን በግእዝ አሳምሮ ያነበበውና ስሙንም ያወጣው እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ ወቀሳ ስጠብቅ የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። ጧት ስገባ በጠረጴዛዬ ላይ በክዳን የተሸፈነ ትኩስ ነገር ተቀምጧል፤ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ ትልቁ ሶንቤ ቀረብ ብሎ ሕመሙ ከጀመረኝ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ጠየቀኝ። ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልኝ። ያ ብላቴና ያየውን በኅሊናው መርምሮ፣ አንድ ሰው በእኩለ ሌሊት ብቻውን፣ ቆልፎ ካስቀመጠው ከረጢት አውጥቶ የሚቀምሰው ነገር መድኃኒት እንጂ ምግብ ሊሆን አይችልም ብሎ ደምድሟል። ለሌሎቹም ያወራው ይህንኑ ነው። እነሱም አዋጥተው፣ ለበሽተኛ የሚሠራውን «ጁክ» የሚሉትን የሩዝ ገንፎ ገዝተው አምጥተውልኛል።

ቢሰድቡኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። ለገንፎው ግን መልስ አጣሁ። ጥቂት እንኳ መታመሜን አምኜ ነገሩን ለማለፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስንት ወር መታመም ይቻላል? ከዚያም አልፎ ሐኪም ቤት ሊወስዱኝ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ስለዚህ መሳቢያውን በፊታቸው ከፈትሁ፤ ድርቆሹን፣ ቆሎውን፣ በሶውን አውጥቼ በጋራው ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ፤ መድኃኒት ሳይሆን የእናቴ እጅ መሆኑን ተናዘዝሁ። ዝም አሉ። ቀጥሎ ያ ትንሹ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያም፣ ወዮ! በደንብ በሉ። ሦስት ወር የቆጠብሁት ከሩብ ሰዓት አላለፈም። አንዱ ድርቆሹን በሁለት ጥርሱ ሰብሮ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ይህ ቦክቷል፣ እንደ ኪምቺ» አለ፤ ሊጥ ሲቦካ ያላየ ሰው ይህን ከጣዕሙ ብቻ ማወቁ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እኔም ገንፎዬን በላሁ።

በኅዳር መጨረሻ «ኪምጃንግ» መጣ፤ ለክረምት የሚሆነውን ኪምቺ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚሠራበት ደቦ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። በሃልሞኒ ግቢ የጥቅል ጎመኑ ክምር ወገብ ይደርስ ነበር፤ ሌሊቱን በጨው ያደረውን እያጠብን፣ ሴቶቹም ቀይ በርበሬውን እየለወሱ በየቅጠሉ መካከል ሲያሹት፣ የበርበሬ ዛላ የሚለቅሙትና የሚወቅጡት የእናቴ ጎረቤቶች የመጡ መሰለኝ፤ ሐሜቱ እንኳ፣ ቋንቋው ሳይገባኝ፣ ዜማው ያው ነበር። ወቅቱ ጾመ ነቢያት የገባበት ስለሆነ ለሠራተኛው ሁሉ ከተቀቀለው የእርያ ሥጋ በሁለት ሕግ ተከልክያለሁ። ሃልሞኒ ግን አንዲት ገበቴ ለብቻ አኑረው፣ ዓሣ ያልነካው በርበሬ በእጃቸው ለውሰው፣ ከልቡ ለስላሳውን ቅጠል ጠቅልለው «ስኒም፣ ኣ» አሉኝ። ጎረስሁ። ዓይኔ አነባ፤ ግማሹ በበርበሬው ነው። እኔም በቀይ የላስቲክ ጓንት እንደ ተሸፈንሁ አንድ ቅጠል ጠቅልዬ አጎረስኋቸው፤ እንዳያጣላንም ሁለተኛ ደገምሁ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች። የምትጠይቀው የመጀመሪያ ነገር «በልተሃል?» የሚል ነው፤ ሃልሞኒም ከበር ስገባ ከሰላምታ በፊት የሚሉኝ «ባፕ ሞጎሶ?» ማለት ያው «በልተሃል?» ነው። በእነሱ ቋንቋ ቤተሰብን «ሺክኩ» ይሉታል፤ ሲተረጎም የሚበላ አፍ ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ባልንጀራን «ባለ እንጀራ» ብለን እንፈታዋለን። ለእናቴ ድርቆሹ ያለቀበትን ሁኔታ፣ መሳቢያውንና ገንፎውን እያለፍሁ፣ አሳምሬ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ለቤትህ እማማስ?» አለች።

ለሃልሞኒ አልሰጠሁም ነበር። አላሰብሁትም። ስልኩ የተቋረጠ አስመስዬ ዝም ብል «አንተ! ትሰማኛለህ?» አለች።

ከገና በኋላ ወደ ቹንቾን በሚመጣ ሰው እጅ ሁለት ከረጢት ተላከ፤ አንደኛው በክር ታስሮ «የእማማ» ተብሎበታል። ሃልሞኒ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አሽትተው፣ ደረቅነቱን በጣታቸው ፈትነው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ ማንም ሳይነግራቸው ድርቆሹን እየሰባበሩ በሚንተከተከው ድስት ውስጥ ጨመሩት። ረሰረሰ፤ መረቁን ጠጣ፤ ፍትፍት ሆነ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ያችን ትንሽ ሳሕን አንሥተው ድርሻዬን ሊቀዱልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሳሕኒቱን ከእጃቸው ወስጄ ከጀርባዬ አኖርኋት። አምስቱ ማንኪያ ዘመተ፤ እኔም የራሴን አስከተልሁ።